በመጫወቻው ሆድ ውስጥ ምን አለ?

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ መዳፍ የማትሞላ የአሻንጉሊት መኪና መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በሯን በጣቱ ከፍቶ፣ እግሩን ሊያስገባ ሲታገል ያየ ሰው ሳቁን አይችለውም። ልጁ ግን እየቀለደ አይደለም፤ ከልቡ ሊሳፈር ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁዲ ደሎሽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸው ልጆች መጀመሪያ በልካቸው በተሠራ መኪና፣ ወንበርና መንሸራተቻ ተጫወቱ። ከዚያ ልጆቹ ሳያዩ ዕቃዎቹ ተነሥተው ቁርጥ እነርሱን የሚመስሉ ጥቃቅን አምሳያዎች በቦታቸው ተተኩ። በርካታ ልጆች በትንሿ ወንበር ላይ ሊቀመጡ፣ በትንሹ መንሸራተቻ ሊንሸራተቱ፣ ትንሿ መኪና ውስጥ ሊገቡ ሞከሩ። እጃቸው የበሩን ትንሽነት አውቆ በጥንቃቄ ይከፍታል፤ «ይህ መኪና ነው፣ መኪና ደግሞ ይገባበታል» የሚለው ሐሳብ ግን ዓይናቸው የሚያየውን ያሸንፋል።

እኚሁ ተመራማሪ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ሥራ ደግሞ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የዕቃ ፎቶግራፍ ሲያዩ ዕቃውን ከገጹ ላይ ሊያነሡት ሲዳብሱና ሲቧጥጡ ተመልክተዋል። ይህ የታየው በአሜሪካ ልጆች ብቻ አልነበረም፤ የሥዕል መጽሐፍ ብርቅ በሆነበት በኮት ዲቩዋር የቤንግ ማኅበረሰብም እንዲሁ ነበር። ሕፃን ሕፃን ነው፤ የሚመስለውንና የሆነውን መለየት ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ ዛሬ ገበያውን የሞሉት መጫወቻዎች እንዲህ ላለው ልጅ እጅ ነው የሚገቡት። ስልኩ ይጠራል። ምድጃው ፍም መስሎ ይቀላል። ሕፃኗ አሻንጉሊት ታለቅሳለች፣ ጡጦ ሲሰጧት ዝም ትላለች። እቃቃ የተጫወትን ሰዎች ድስታችን ጣሳ፣ ወጣችን ጭቃ፣ እንጀራችን ቅጠል ነበር፤ የጎደለውን ሁሉ ሐሳባችን ይሞላው ነበር። ፋብሪካ ግን የጎደለውን የሚሞላው በዕቃ ነው። ድምፅና ብርሃን እንዲኖረው ባትሪ ይገባበታል፣ ክፍሎቹ እንዲጣበቁ ማግኔት ይገባበታል፣ እንዲያምር ጥቃቅን ዓይን፣ ቁልፍና ዶቃ ይለጠፍበታል። መጫወቻው እውነተኛውን በመሰለ ቁጥር ሆዱ ውስጥ የሚሸከመው ይበዛል፤ ልጁ ደግሞ ላዩን እንጂ ውስጡን አያይም። ውስጡን ማየት የእኛ የአዋቂዎቹ ሥራ ነው።

«ከ3 ዓመት በላይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሣጥኑ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይነት ምክር አይደለም። «ልጄ ብልህ ነው፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይገባዋል» ብሎ ለሁለት ዓመት ልጅ የሦስት ዓመት መጫወቻ የሚገዛ ወላጅ ቁጥሩን የችሎታ መለኪያ አድርጎ ወስዶታል። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ልጁ ጉሮሮ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ነው፤ መንጋጋ ጥርሶቹ ገና በቅጡ አልወጡም፤ ሳሉ የተወሸቀን ነገር አስፈንጥሮ ለማውጣት ጉልበት ያንሰዋል፤ የመተንፈሻ ቧንቧውም በጣም ጠባብ ነው። ብልህ ልጅ ሰፊ ጉሮሮ የለውም።

መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ደስ ይላል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የትንሽ ልጅ ጉሮሮን የሚወክል ሲሊንደር ተዘጋጅቷል። አፉ 31.7 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ወለሉ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ25.4 እስከ 57.1 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተሠራ መጫወቻ፣ ወይም ሲወድቅ፣ ሲጠመዘዝና ሲጎተት ከእርሱ የሚነቀል ማንኛውም ክፍል፣ እዚህ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ መሸጥ አይችልም። ኳስ ክብ ስለሆነ ጉሮሮን ያለ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ስለዚህ ለኳስ መለኪያው ከፍ ብሎ 44.4 ሚሊሜትር ሆኗል። በአውሮፓ ገበያ የሚሸጡት ላይ ደግሞ «0-3» የሚል ጽሑፍ ያለው የሕፃን ፊት በቀይ ክብ ውስጥ ተሰርዞ ይታያል። ትርጉሙ «ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ» ነው። ቋንቋ ስለማይፈልግ የቻይንኛ ወይም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የማይነበብበት ቤትም ይገባል።

በቤት ውስጥ የመጸዳጃ ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ጥቅልል አስቀምጡ። ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሕጉ ሲሊንደር ትንሽ ይሰፋል፤ ለጥንቃቄ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከትንሹ ልጅ መራቅ አለበት። ብይ ያልፋል። ቆርኪ ያልፋል። የአሻንጉሊቷ ጫማ፣ የትንሿ መኪና ጎማ፣ የሚነቀለው የድብ ዓይን ያልፋሉ። ኦቾሎኒና ቆሎም መጫወቻ ባይሆኑም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

የሰዓት ባትሪ

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አደጋ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ብዙዎቻችን «የሰዓት ባትሪ» የምንለው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ዛሬ ሰዓት ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። የሚዘፍነው መጫወቻ፣ የሚበራው የልጆች ጫማ፣ ሲከፈት ዜማ የሚያሰማው የልደት ካርድ፣ የመኪና ቁልፍ፣ ትንሹ ሪሞት፣ በባትሪ የሚበራው ሻማ፣ ሁሉም ይዘውታል። ከሁሉ የከፋው «ሲአር 2032» የሚባለው ነው። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ይህ ስፋት በሕፃን የምግብ ቧንቧ ላይኛው ክፍል ላይ ለመቀርቀር ልክ ነው። ኃይሉም 3 ቮልት ነው።

ብዙ ሰው ባትሪ የሚጎዳው ፈንድቶ ወይም ፈሳሹ ወጥቶ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ ያልተሰነጠቀ፣ ያልፈሰሰ ባትሪም ይገድላል። ባትሪው ሲቀረቀር እርጥቡ የቧንቧ ግድግዳ ሁለቱን ጫፎቹን ይነካና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአሉታዊው ጫፍ በኩል ምራቅና ውሃ እየተበታተኑ ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፤ ኮስቲክ ሶዳን ሥጋ የሚበላ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። የቧንቧው ግድግዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪው ከወጣ በኋላም ጉዳቱ ለቀናት እየጠለቀ ሄዶ ቧንቧውን ሊበሳ፣ አጠገቡ ያለውን ታላቁን የደም ሥር ሊደርስበት ይችላል። ሐኪሞች ይህን ለማስተማር ሁለት የሥጋ ቁራጮች መካከል ባትሪ ያስቀምጣሉ፤ ሥጋው ባትሪው በነካበት በኩል ዓይን እያየ ይጠቁራል። «አልቋል» ተብሎ ከመጫወቻው የወጣውም ባትሪ ቢሆን መጫወቻውን ማስጮህ ቢያቅተው ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ስለዚህ ያለቀውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሳቢያ ውስጥ መተው አዲሱን እንደመተው ነው። በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት።

መጥፎው ነገር ብዙ ጊዜ ልጁ ሲውጥ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ምልክቱም ጉንፋን ወይም የሆድ ሕመም ይመስላል፦ ይስላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ደረቱን ይይዛል። ሕክምና ቤት ስትደርሱ «ባትሪ ውጦ ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል ሳትፈሩ ተናገሩ፤ ራጅ እንዲነሣም ጠይቁ። በራጅ ላይ ባትሪና ሳንቲም ይመሳሰላሉ፤ የባትሪው ጠርዝ ግን ሁለት ክብ ሆኖ ይታያል። ሳንቲም ከሆነ ሐኪሙ ጊዜ ሊኖረው ይችላል፤ ባትሪ ከሆነ ጊዜ የለም። ባትሪው አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም አጣዳፊ ነው፤ ምንም ዓይነት ጠብታ አትጨምሩበት።

እዚህ ላይ ከጓዳችን የማይጠፋው ማር ይጠቅማል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ያለው የመመረዝ ማዕከል (ናሽናል ካፒታል ፖይዝን ሴንተር) መመሪያ እንደሚለው፣ ልጁ 12 ወር ከሞላውና የዋጠው ባለፉት 12 ሰዓታት ውስጥ ከሆነ፣ ወደ ሆስፒታል በመጓዝ ላይ ሳላችሁ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ይቻላል። ማሩ ባትሪውን ሸፍኖ የሃይድሮክሳይዱን መፈጠር ያዘገያል። ማር ፍለጋ ግን መንገድ አይቆምም፤ ከሌለ ቀጥታ መሄድ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ መዋጥ ላቃተው ልጅም እንዲሁ። ሌላ ምግብ ወይም መጠጥ አይሰጥ፤ ለማስመለስም አይሞከር። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች በ1-800-222-1222 የመመረዝ ባለሙያ በማንኛውም ሰዓት ታገኛላችሁ።

መጫወቻው ደኅና መሆኑን የምታውቁት በአንዲት ብሎን ነው። በአሜሪካ የመጫወቻ ደረጃ የሰዓት ባትሪ ያለበት መጫወቻ ክዳኑ ያለ መሣሪያ መከፈት የለበትም። ሪሞቱና ሌላው የቤት ዕቃ ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረበትም። አንዲት የ18 ወር ሕፃን የሪሞት ባትሪ ውጣ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 በስሟ ሕግ ወጣ፤ በዚህ ሕግ መሠረት ክዳኑ ወይ መፍቻ የሚፈልግ ወይ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ መሆን አለበት። ስለዚህ መጫወቻ ስትገዙ ገልብጡትና ሆዱን እዩት። የባትሪው ክዳን በጥፍር የሚከፈት ከሆነ መልሱት፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ።

ማግኔት፣ ውሃ የሚጠጡ ዶቃዎችና ፊኛ

አንዲት ትንሽ ማግኔት ብትዋጥ ብዙ ጊዜ ራሷ ትወጣለች። ሁለት ከሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ኒዮዲሚየም ከተባለው ብረት የሚሠሩት አዳዲስ ማግኔቶች ጥንካሬያቸው ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደርም። አንዷ በአንዱ የአንጀት እጥፋት፣ ሌላዋ በሌላው ሆና ሲሳሳቡ መካከል የተያዘው ሥጋ ደም ያጣል፣ ይሞታል፣ ይበሳል። ልጁ ግን ለቀናት ሆዱን ብቻ ያመው ይሆናል። በአሜሪካ እነዚህ ጥቃቅን የማግኔት ኳሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥብቅ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ በ2016 ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ2022 አዲስ ደንብ ወጣ። በየቤቱ ያሉት ባለቀለም የማግኔት መገጣጠሚያዎች ማግኔታቸው ከውስጥ ስለታሸገ በአብዛኛው ችግር የለባቸውም፤ ጠርዛቸው የተሰነጠቀውን ግን በዚያው ቀን ጣሉት።

ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚያብጡት ባለቀለም ዶቃዎች ከረሜላ ይመስላሉ። ደረቅ ሳሉ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ ከተዋጡ በኋላ ሆድ ውስጥ ውሃ እየመጠጡ ያድጉና አንጀት ይዘጋሉ፤ በራጅም በቀላሉ አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት የ10 ወር ሕፃን በአሜሪካ በዚህ ሞታለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አማዞን፣ ዎልማርትና ታርጌት ለልጆች ተብለው የሚሸጡትን ከመደርደሪያ አወረዱ። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት እነዚህን ባያስገባ እመርጣለሁ።

ፊኛ ደግሞ ማንም የማይፈራው ነው። የፈነዳው ፊኛ ቅዳጅ ወደ ጉሮሮ ከገባ ተለጥፎ አየር ይዘጋል፤ ልጁ አየር በሳበ ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃል። በአሜሪካ ፓኬቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ስምንት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ሁሉ ይመለከታል። ልደት ሲያልቅ ወለሉን የሚጠርገው ሰው ቅዳጆቹን አንድ በአንድ ይልቀም።

መልኩ ራሱ አደጋ ሲሆን

አልፎ አልፎ አደጋው ከሆዱ ሳይሆን ከመልኩ ይመጣል። ፍራፍሬ የሚመስልና እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ላጲስ ለሕፃን ፍራፍሬ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ምግብ የሚመስሉና ልጅ አፉ ውስጥ ቢከታቸው የሚጎዱ ዕቃዎች እንዳይሸጡ መመሪያ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

የጦር መሣሪያ መጫወቻ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እዚህ የሚሳሳተው አዋቂው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዝ ደማቅ ብርቱካናማ እንዲሆን አስገድዳለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብርቱካናማ ምልክቱ የሌለበት አምሳያ ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። እዚያ አገር የምትኖሩ ወላጆች ይህን ልጆቻችሁ ወደ ውጭ ከመውጣታቸው በፊት አስቡት፤ የጥቁር ልጅ ወላጆች ናችሁና። በአገር ቤት ደግሞ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩሱት ሽጉጦች ዓይን ያጠፋሉ።

የሚያዳምጡ አሻንጉሊቶችም አሉ። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝታ የልጅን ጥያቄ የምትመልሰውን «ማይ ፍሬንድ ኬይላ» የተባለች አሻንጉሊት የጀርመን የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የተደበቀ የመቅረጫ መሣሪያ ናት ብሎ ከልክሏታል፤ በእጁ ያለችውም ሰው እንዲያስወግዳት አሳስቧል። ማንም በአቅራቢያዋ የቆመ ሰው በስልኩ ሊገናኛት ይችል ነበርና። ማይክሮፎን ያለው መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ የት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ሻጩ መመለስ ካልቻለ ይቅርባችሁ።

ሻንጣ ውስጥ ስለሚጠፋው ማስጠንቀቂያ

ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ ስንጓዝ ለወንድምና ለእህት ልጆች መጫወቻ መያዝ የተለመደ ነው። ሻንጣው እንዲበቃ ደግሞ ሣጥኑን አውጥተን እንጥላለን። ከሣጥኑ ጋር የዕድሜ ቁጥሩም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ የአምራቹ ስምም ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለው ወላጅ እጅ የሚደርሰው ራቁቱን የቀረ ፕላስቲክ ነው። ሣጥኑን ብትጥሉም ቁጥሩና ማስጠንቀቂያው ያለበትን ፊት በመቀስ ቆርጣችሁ ከመጫወቻው ጋር ላኩት፤ ለማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለማን እንዳልሆነም በስልክ ንገሩ። የስድስት ዓመቷ መጫወቻ የዓመት ከመንፈቁ ወንድሟ እጅ መግባቱ አይቀርም፤ ብዙ አደጋ የሚደርሰው በታላቅ መጫወቻ ነው። ታላቂቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ትጫወት፣ ጥቃቅኑን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ትክተት፤ ጠባቂ አድርጎ ኃላፊነቱን እርሷ ላይ መጣል ግን አይገባም።

ልጅ ሲታነቅ

እያሳለ ወይም እያለቀሰ ያለ ልጅ አየር እያገኘ ነው፤ አበረታቱት እንጂ አትምቱት። ድምፁ ከጠፋ፣ መሳል ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው መሥራት ያስፈልጋል። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ራሱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፤ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ ሥር 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ አገላብጣችሁ የደረቱን መካከል 5 ጊዜ ወደ ውስጥ ተጫኑ። ዓመት ያለፈውን ልጅ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፤ ከዚያ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በጨበጣችሁት እጅ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ይበልጥ ይወሸቃል። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፦ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101። ልጁ ራሱን ከሳተ የልብና የመተንፈስ እርዳታ ይጀመር።

ነገሩ ከወጣ በኋላም ሆዱ የተጫነ ልጅ በሐኪም መታየት አለበት። ታንቆ ተሻለው የተባለ ልጅ በቀጣዮቹ ቀናት ሳል ካላቆመ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ወይም ትኩሳት ከጀመረው ቁራጩ ሳንባው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሐኪሙ የሳሉን ታሪክ ከመታነቁ ጀምሮ ንገሩት።